በሰው አፍ ለተገባ ቃል የቀረበ ምስጋና

ለተከበራችሁ የአካባቢያችን የታዳጊ ስካውቶች በጎ ፈቃደኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና አባላት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል እላለሁ፤ በተለይ ጉሮሯችሁ እንዴት ነው? ባለፉት ወራት ስለ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስትከራከሩ ያወጣችሁት ድምፅ ቀላል አልነበረምና፣ ሞቅ ያለ ነገር እየጠጣችሁ፣ ከብርድም እየተጠበቃችሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኔ እንደምታውቁኝ በሙያዬ መኪና መንዳት አስተማሪ ነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጬ፣ ለአስተማሪ በተገጠመው ፍሬን ላይ እግሬን እንዳሳረፍኩ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው አዳራሽ የልጆቹን ቡድን እመራለሁ። ደመወዝ የለኝም፤ እናንተም የላችሁም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በነጻ የሚደክም ሰው በነጻ ለሚደክሙ ሰዎች የጻፈው ነውና ክፋት የለበትም፤ ቢኖርበትም ከእናንተ በተማርኩት ትሕትና ተጠቅልሎ ነው የቀረበው። ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው ግልጽ ያደረግሁት ደግሞ በየስብሰባው እጄን ባወጣ ባወጣ ተራ ስላልደረሰኝ ብቻ መሆኑን በአክብሮት እገልጻለሁ።

ነገሩን የማያውቅ አንባቢ እንዳይቸገር ባጭሩ ላስረዳ። ልጅቷን ጓደኞቿ ቋጠሮ ይሏታል፤ ገመድ ከያዘች የሚቀድማት የለምና። አባቷ መስታወት ቆራጭ ነው። በሕፃንነቷ ታማ ከዳነች ወዲህ አትሰማም፤ የምታወራው በእጆቿ ነው፤ ወሬ ደግሞ ትወዳለች። ቡድናችን ውስጥ የገባች ሰሞን ልጆቹን የምልክት ቋንቋ ለማስተማር ትልቅ ዕቅድ አውጥቼ ነበር፤ ዕቅዱ ሳይጀመር እነሱ ከእሷ ተምረው ጨርሰው አገኘኋቸው። ለካ እኔ ስለ አካባቢ ንጽሕና ስለፈልፍ ከጀርባዬ ኮሽ ሳይል የምታማበት ዘዴ ተገኝቶላቸው ኖሯል! ስለ ቦርጬ ብዙ መባሉን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

በደንባችን መሠረት አንድ ልጅ ሙሉ አባል የሚሆነው በወላጆች ፊት ቃል ሲገባ ነው። ቃል ያልገባ ልጅ የአንገት ሻርፕ አያስርም፣ ደረጃ አይወጣም፣ ካምፕ ሄዶ ከጓደኞቹ ጋር ድንኳን ውስጥ አያድርም። ቃሉ የሚገባው ደግሞ ቀኝ እጅን ሽቅብ አንስቶ፣ ሳያንቀሳቅሱ፣ በጠራ ድምፅ ነው። ቋጠሮ የምትናገረው በሁለት እጆቿ ስለሆነ፣ እጅሽን አንስተሽ ሳታንቀሳቅሺ ቃል ግቢ ሲሏት እኔንና እናንተን አፋችሁን ይዛችሁ ተናገሩ እንደ ማለት ነው። የጠየቅኋችሁ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በእጇ ትናገር። ለዚህ ጥያቄ ስላደረጋችሁልን ሁሉ አሁን በቅደም ተከተል ላመስግን።

አንደኛ፣ ጉዳዩን በአንድ ስብሰባ ስላልጨረሳችሁት አመሰግናለሁ። በሙያቸው የጥርስ ሐኪም የሆኑት፣ ሰው አፉን ከፍቶ ዝም ሲል ማየት የለመዱት የተከበሩ ሰብሳቢያችን፣ ዛሬ በእጅ ከፈቀድን ነገ ደግሞ በፉጨት ቃል ልግባ የሚል ይመጣል ብለው ሲያስጠነቅቁ ሁላችንም ደነገጥን፤ እስካሁን ግን በፉጨት ቃል ልግባ ያለ ልጅ አልመጣም። በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የሚሠሩት ጸሐፊያችን ደግሞ፣ በእጇ ምን እንደምትል በምን እናውቃለን፣ ቃሉን ትታ ሌላ ነገር ብትልስ ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ሁሉ ቋንቋውን ያውቃሉ ብላቸው፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ምስክር አይሆንም ተባልኩ። አንድ ቅን አባል፣ ከጀርባዋ ቆሞ የራሱን ቀኝ እጅ የሚያነሳላት ሰው ይመደብ እስከማለት ደርሰው ነበር፤ ፈቃደኛ ሲጠፋ ሐሳቡ ወደቀ። እኔ በሥራዬ ፍሬን የሚወድ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ፍሬን የሚረግጥ ግን እናንተ ዘንድ ነው ያየሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ ርኅራኄያችሁ። ክርክሩ እስኪያልቅ ልጅቷ እንዳይከፋት ብላችሁ፣ ቃል በገባች ዕለት የሚጸድቅላት ሆኖ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ፈተናዎች በሙሉ ነጻ አደረጋችኋት። የፊሽካ ትእዛዝ መለየት የሚለውን ብቻ ብትተዉላት ይገባኝ ነበር፤ እናንተ ግን ስትሰጡ በገፍ ነውና የገመዱንም ተዋችሁላት። እሷ ይህን አላወቀችም። ገመዷን አጥባ፣ አድርቃ፣ ጠቅልላ መጣችና ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ፈታኟ፣ ማለትም የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ባለቤት፣ እንደ እናት ራሷን ደባበሷትና አልፋለች ብለው ወደሚቀጥለው ልጅ ዞሩ። ቋጠሮ ገመዷን እንደያዘች ትንሽ ቆመች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ከሁሉ የሚከብደውን ቋጠሮ ቋጠረች፤ ቀና ብላ ብታይ የሚያይላት የለም፤ ራሷ ፈታችው። ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ገመዱን አዳራሹ ውስጥ ረስታው ሄደች።

ሦስተኛ፣ ስለ መፍትሔያችሁ። ከብዙ ድካም በኋላ ደንቡም ሳይነካ ልጅቷም ሳትቀር የሚሆንበትን መንገድ አገኛችሁ፤ እሷ ቀኝ እጇን አንስታ ጸጥ ብላ ትቆማለች፣ ጸሐፊው በእሷ ስም ቃሉን ያነቡላታል። ሲጸድቅ ለራሳችሁ አጨበጨባችሁ። እኔም መልእክተኛ ነኝና ወሬውን ይዤ አባቷ ሱቅ ሄድኩ። ሰውዬው የሚቆርጠውን መስታወት ትቶ አየኝ፤ ልጄ አንድም ቀን ዲዳ ሆና አታውቅም፣ እናንተ ልታደርጓት ነው እንዴ አለ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተደገፉትን መስታወቶች እያሳየ፣ ወሩን ሙሉ እዚህ ቃሉን በእጇ ስትለማመድ ነው የከረመችው፣ ደንበኛ እንኳ ሲገባ እንዳያቋርጣት ጥግ ይዞ ነው የሚጠብቃት ብሎ ነገረኝ። እሷ ግን ለካምፑ እንዲያ ስለጓጓች፣ ጓደኞቿም ድንኳን ውስጥ ቦታ ስለያዙላት፣ እሺ አለች። እሺ ያለችው እሷ እንጂ አባቷ አልነበረም።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ቁጥሩ ግን ከዚህ በኋላ አልታዘዝ አለኝ፤ ይቅርታ አድርጉልኝና እንዲሁ ልንገራችሁ።

የቃል መግቢያው ዕለት አዳራሹ በወላጆች ሞልቶ እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ተራዋ ደረሰና ወጣች፤ ጸጉሯ ጥብቅ ብሎ ተሠርቷል፣ ጫማዋ ተወልውሏል። ቀኝ እጇን አነሳች። ጸሐፊያችን ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው ማንበብ ጀመሩ፤ አቀርቅረው ስለነበር ከንፈራቸው እንኳ አይታያትም። መቼ እንደጀመሩ አላወቀችም፣ የት እንደደረሱም አላወቀችም፤ በስሟ ቃል ሲገባ እሷ ከሰው ሁሉ የራቀች ነበረች። ጨረሱ፤ ሰው አጨበጨበ፤ እሷ አሁንም እጇን እንዳነሳች ናት። አንድ ሰው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም፤ ግን ሳቀ። ሰብሳቢያችን በምልክት አውርጂ ሲሏት አወረደች።

ለካ ይህቺ ልጅ እሳቸው ሲጨርሱ የራሷን ልትል ቆርጣ ኖሯል። ሁለት እጆቿን ወደ ደረቷ አምጥታ፣ ፊቷ በርቶ፣ እኔ ብላ ጀመረች። ጓደኞቿ ገባቸውና ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ አባቷም ከመቀመጫው ተነሳ። ሰብሳቢያችን ግን ደስታ ያወራጫት መሰላቸው። እንኳን ደስ ያለሽ ብለው ሁለቱንም እጆቿን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዟት። ወዝወዝ አደረጓት። ፎቶ አንሺው አንዴ ይድገሙልኝ አለ፤ ልትለቀቅ ስትል እንደገና ያዟት። ክቡር ሰብሳቢ፣ ይህን ሲያደርጉ ከልብዎ እንደነበር አውቃለሁ፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ እንዴት በቀለለኝ ነበር! ሰው እየገፋሁ ወደ ፊት ስሄድ እርስዎ ሻርፑን አስረውላት ነበር። እጆቿ ሲለቀቁላት ዝም ብለው ወረዱ። አላለቀሰችም። ሄዳ ቦታዋ ተቀመጠችና ሌሎቹ ልጆች ተራ በተራ በጠራ ድምፅ ቃል ሲገቡ አፋቸውን አፋቸውን ስታይ አመሸች።

ያ ፎቶ ደስ የሚል ሆኖ ወጣ። አሳድጋችሁ በቢሯችሁ በር ላይ ስለሰቀላችሁት፣ ከሥሩም ሁሉም ልጅ የኛ ነው የሚል ጽሑፍ ስላኖራችሁበት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰብሳቢያችን ጥሩ ወጥተዋል፤ ጥርሳቸው ለሙያቸው ምስክር ነው። የእሷን ፊት ግን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢኖር ኖሮ ያወርደው ነበር።

በማግስቱ አባቷ ሻርፑን እንደታጠበ እንደተተኮሰ በላስቲክ አምጥቶ ሰጠኝ። ከእሷ የተላከ መልእክትም ነበረው፤ ያለችውን እንዳለችው ተርጉሞልኛል፤ ቃል የገባው ጸሐፊው ነው፣ ሻርፑንም እሱ ይሰር፣ ካምፕም እሱ ይሂድ። መጀመሪያ ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ የሆንኩትን ግን ለእናንተ መጻፍ አይገባም። ከዚያ ወዲህ አልመጣችምና ቅዳሜዎቻችን ጸጥ ብለዋል። ልጆቹ አሁን በአፋቸው ብቻ ነው የሚያወሩት፤ ጀርባዬን ስሰጥም የሚያማኝ የለም።

ይህ ሁሉ አልፎ ሳለ፣ ያለ ፈቃድ በመቅረቷ ከአባልነት ትሰረዝ አትሰረዝ በሚል አዲስ ክርክር መጀመራችሁን ሰማሁ። ገሚሳችሁ ሕግ ሕግ ነው ብላችኋል፤ ገሚሳችሁ ደግሞ ለሁኔታዋ ሲባል ልዩ አስተያየት ይደረግላት ብላችኋል አሉ። ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ፤ እስካሁን ከእናንተ አንድም ሰው ግን ልጅቷን ቀርቦ ምን ልትይ ነበር ብሎ አልጠየቃትም።

እስካሁን ያሽሟጠጥኩት አልፎ አሁን የምለው ከሆዴ ነው። ካምፑ ሳይደርስ ኑና አባቷ ሱቅ እንሂድ። ስብሰባ አያስፈልገውም፣ ቃለ ጉባኤም አያስፈልገውም። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ እሷም ቃሏን ትበል፤ እስክትጨርስ ማንም አይንካት። እሺ ትበል አትበል እኔ አላውቅም፤ ባለፈው ቅዳሜ ጓደኞቿን ይዤ ሄጄ ወጥታ አላነጋገረችንም። ቢሆንም ልመናዬ ይኸው ነው፤ እባካችሁ።

ስለ ልጆች በጎ በጎውን ስታስቡ እንቅልፍ ለምታጡት፣ እኔንም በትዕግሥት መጠበቅን ላስተማራችሁኝ ለእናንተ ለተከበራችሁ ሁሉ ረጅም ዕድሜ፣ ጥሩ ጤና፣ የማያልቅ አጀንዳም እየተመኘሁ፣ በስብሰባችሁ ሁሉ ከበሩ አጠገብ ከሚገኘው ወንበር የማልጠፋ፣

ትሑት አገልጋያችሁ፣ መኪና መንዳት አስተማሪውና የቅዳሜው ቡድን መሪ።

ማስታወሻ፦ ክቡር ሰብሳቢ፣ በቀደም ዕለት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቋጠሮን አግኝተው ፈገግ ብለው እጅዎን ቢያውለበልቡላት፣ ሁለቱን እጆቿን ከኪሷ ሳታወጣ ዝም ብላ እንዳለፈችዎት፣ እርስዎም ይህቺ ልጅ ምን ነክቷት ነው እንዲህ ባለጌ የሆነችው ብለው ለጸሐፊው ቅሬታዎን እንደነገሩ ሰምቻለሁ። ባለጌ ሆና አይደለምና አይቀየሟት። እቤትም ከአባቷ ጋር እንደዚያው ናት፤ እጆቿን ከኪሷ አታወጣም።