ፊት ያሉት ሙቅ አግዳሚዎች

ይድረስ ለምወድሽ ለእታለም፤ እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ጉልበት፣ የአባባ ሳል እንዴት ነው? እኔ የዚህ የፈረንጅ አገር ብርድ አጥንቴ ድረስ ከመግባቱ በቀር ደህና ነኝ። ይሄ ትከሻ እንኳን ብርድ ግድግዳ ቢወድቅበት አይነቃነቅም።

የሚያጽፈኝ ያ ዘበኛ ሆኜ የምሠራበት የጥንት ቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። አንቺን አስመጥቼ የማኖርበት ክፍል ጓሮው ውስጥ ያለው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ሥራውም ክፍሉም የለም። የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ደግሞ ሰው በብርዱ እየሸሸ ነው፣ ካልሞቀ እንዘጋዋለን ብሎ ነበር።

የድሮው የጋዝ ማሞቂያ አየር ይበክላል ተብሎ ተነቀለ። ወለሉ ስር የሙቅ ውሃ ቧንቧ እንዳይቀበር፣ ስሩ መቃብር ነው። ግድግዳው እንዳይነካ፣ ቅርስ ነው። በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቤቱን ትታችሁ ሰዉን አሙቁ አለና አግዳሚ ወንበሮቹ ስር ማሞቂያ ገጠምን። ገጠምን ስልሽ እኔ ነኝ የገጠምኩት፤ እሱ እጁን ኪሱ ከቶ ሲያፏጭ ነበር። የኤሌክትሪክ መስመሩ አሮጌ ስለሆነ የሚችለው የፊቶቹን ሦስቱን ብቻ ነው። ይበቃል አልኩ፤ የቀረው ምእመን እንደሆነ አንድ ታክሲ አይሞላም።

ማን ይቀመጥልሽ። እዚህ ሰው ሁሉ የሚቀመጠው አባቱ በተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ነው፣ ያውም ከኋላ። እየተንቀጠቀጡ፣ ባፋቸው ጉም እየተፉ፣ ንቅንቅ የለም። ቄሱ ለመኑ። እኔም አንዲት አሮጊትን፣ እማማ ተሸክሜ ልውሰድዎት ብላቸው፣ ፊት የሚቀመጠው ታይታ የሚወድ ነው፣ እንዳንተ ያለው፣ ብለው ኩም አደረጉኝ። ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ባለፈው እሁድ ኮሚቴው ሊያይ መጣ። ባዶ እንዳይመስል ብዬ ፊት አግዳሚው ላይ ተጎለትኩ። ላብ በላብ ሆንኩልሽ፤ ከኋላዬ የሚሰማው ሳል ብቻ ነው። ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ኋላ ያሉትን አየ፣ ማሞቂያው የተገዛው ለዘበኛው ነው እንዴ አለና ወጣ። ወሩ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ይቆለፋል ተባለ።

እታለም፣ ሌላ ሥራ አላጣም ብዬ ልፎክርብሽ ነበር፤ ግን አንኳኩቼ ያልተመለስኩበት በር የለም። ሻንጣሽን ፍቺው። የምትሠሪበትን ሱቅም አትልቀቂ።

የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ትንሹን ወንድማችንን፣ ጫማህን በኳስ አትጨርስ ብሎሃል በይው። አክስቴን ከነልጆቿ ሰላም በይልኝ። አባባ ከጠየቀ፣ ልጅህ ቤተ ክርስቲያን አሞቀ በይው። ሰው ገባበት ወይ ካለ ግን ዝም በይ።

ወንድምሽ
ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ጥር 19 ቀን