የመጀመሪያው ክንድ

ሐምሌ 8፣ ሰኞ
ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ። ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ልጄና ጣውንቴ። ባላችን ከሞተ ወዲህ የምንቀናበት ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር...

ልጄ የሕክምና ተማሪ ናት። ሐሙስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ትከትባለች፣ ነርሷ አጠገቧ ቆማ። የጉንፋን ወረርሽኝ ሆስፒታሉን ሞልቶታል።

"ከቤት አንድ ሰው አምጡ ተብለናል" አለች።

"ሰኞና ሐሙስ እንደምጾም ታውቂያለሽ።"

"እማ፣ መርፌ እኮ ጾም አያበላሽም። ምግብ አይደል፣ መጠጥ አይደል። ሸኹ ግቢያችን ድረስ መጥተው አስረድተዋል። ጾሙን ሰበብ አድርገው ሳይከተቡ የቀሩ ተማሪዎች በዝተው።"

ዝም አልኩ። እምቢ ማለቴ አልነበረም። ትንሽ እንድትለምነኝ ፈልጌ...

ጣውንቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። "የእኔን ውሰጂ! ሥጋ እንደሆነ ሞልቷል።"

ተሳሳቁ።

ሐምሌ 11፣ ሐሙስ
ጣውንቴ ተወጋች። ጎረቤቱን እየዞረች ክንዷን ታሳያለች። "እጇ ላባ ነው፣ ወላሂ!" የማን ልጅ እጅ?

ሐምሌ 25፣ ሐሙስ
ልጄ ሕሙማን ክፍል መግባት ጀመረች። አመሻሽ ላይ በራፌ ላይ ቆመች። ጭንብሏን አላወለቀችም።

"እማ፣ አንቺ እስክትከተቢ እዚያ አድራለሁ። በሽታ ይዤልሽ ብመጣስ? ነፍስ እኮ የአላህ አደራ ናት።"

እዚያ ማለት ጣውንቴ ቤት። ግድግዳ ነው የሚለየን። ሳቃቸው ይሰማኛል። ግድግዳውን በማንኪያ መታሁት። ዝም አሉ። ከዚያ ብሰው ሳቁ።

ሐምሌ 28፣ እሑድ
ለመሆኑ ባለመከተቤ ማንን ነው የቀጣሁት?

ሐምሌ 29፣ ሰኞ
ጠዋት ጾሜን እንደያዝኩ ሆስፒታል ሄድኩ። "ብቻሽንማ አትሄጂም" ብላ ጣውንቴ ተከተለችኝ።

ልጄ እጇን ታጠበች፣ ክንዴን ጠረገች። መርፌውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

"ምነው? ለእሷ ላባ ነበር ሲባል።"

"አንቺን እንዳላሳምም ፈርቼ ነው። ያኔም እምቢ ስትዪኝ... እውነቱን ልንገርሽ? እፎይ ነበር ያልኩት። በሌላ ሰው ክንድ እጄን ላፍታታ ብዬ።"

"ቢስሚላህ" ብላ ወጋችኝ። አመመኝ። ደስ አለኝ!

ጣውንቴ ሰምታለች። "መለማመጃ ነበርኩ በይኛ!" ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ግማሽ ላይ ቀረ።

ከተከተቡ በኋላ ትንሽ ተቀምጦ መቆየት ግድ ነው። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጣውንቴ ክንዷን ያዝ አድርጋ ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር።

ክትባቱ እስኪሠራ ልጄ እዚያው ጣውንቴ ቤት ታድራለች። ትደር።

ስንወጣ ዘነበ። ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩት። ትንሽ። ያልተወጋው ትከሻዬ ረጠበ።