ገማቹ ሳይደርስ የተመታ ቆርቆሮ

ሐሙስ፣ ሐምሌ 9

አውሎ ነፋሱ ጣሪያችንን ከገነጠለ አምስተኛ ቀኑ ነው። ኢንሹራንሱ በስልክ «ገማች እስኪመጣ ምንም እንዳትነኩ» ብሎኝ ነበር። ኮንትራክተር ተብዬውም ግድግዳውን በሜትር ለክቶ፣ የዋጋ ማቅረቢያ እልካለሁ ብሎ እንደ ወጣ ቀረ። የታመመችው እናቴ አምስት ቀን ሸራ ሥር ተኛች።

ዛሬ ገማቹን ከሸሕዲ መናኸሪያ ተቀብዬ አመጣሁት። ጭቃውን እንደ ስድብ ቆጥሮ በጣቱ ጫፍ እየረገጠ መጣ። ስንደርስ ጎረቤቶቼ በደቦ ወጥተው፣ የተጨማደደውን ቆርቆሮ በድንጋይ አቃንተው መልሰው መትተውታል። ሽማግሌው አያ ሞላ ጣሪያው ላይ ሆነው የመጨረሻዋን ምስማር ይመታሉ።

«ጉዳቱ የታለ?» አለ ገማቹ።

«ጠገንነዋ! ሴትዮዋ አንተን ስትጠብቅ በዝናብ ትለቅ? ካላመንህ ና ውጣ፤ ጫማህን እንይዝልሃለን» አሉት አያ ሞላ። ሰዉ ሳቀ።

እሱ አልሳቀም። ጣሪያውን ፎቶ አንስቶ «ጉዳት አልታየም» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። አምስት ቀን ዘግይቶ መጥቶ፣ ባዶ ዓይኑን እንደ ማስረጃ የሚቆጥር ፍጡር።

እኔስ? «አፍርሱትና ይየው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እናቴ ሥሩ ተኝታ።

ማምሻውን ዘነበ። በአንድ ምስማር በኩል ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር። ደስ አለኝ።

«ልጄ፣ ሳፋ አምጣ፤ አልጋዬ ላይ ነው» አለች እናቴ።

መጀመሪያ ፎቶ አነሳሁት።