ለጀልባችን የሠራሁት መጸዳጃ

ውድ ባለቤቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እህትሽ እትዬ በስልክ «ድምፅዋ ተዘግቷል» ብለውኝ አሳስቦኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት በልቶ ማደር ከሆነ ማለቴ ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው። እስክደርስበት ግን ታገሺኝ፤ በቀጥታ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም። መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ፦ የምንኖርባት ጀልባችን መጸዳጃ አላት። በር ያለው መጸዳጃ! «እሰይ፣ በስተርጅና!» ስትዪ ይሰማኛል።

የሠራሁት ከፊት በኩል፣ ሸራውንና መሣሪያዎቼን በማጭቅበት ጓዳ ውስጥ ነው። ያንን «ንክች እንዳታደርጊ» እያልኩ የምቆጣበትን ጓዳ ባዶ አደረግሁት። ከውስጡ የወጣውን ጉድ ብታዪ! ጥርሳቸው ያለቀ ሦስት መጋዞች፣ የደረቀ ቀለም፣ ለማን እንደሠራሁት የማላስታውሰው የመስኮት ፍሬም፣ ያንቺ የጠፋ መቀስ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ቦታ የለንም» ያልኩሽ ለዚህ ኮተት ነበር።

መጸዳጃው ውሃ አይፈልግም። ሽንቱ ከፊት ወደ ትንሽ ጀሪካን ይሄዳል፤ ዓይነ ምድሩ ደግሞ ከኋላ ሰጋቱራ ወዳለበት ሳጥን ይወርዳል። ከጎኑ ያለውን እጀታ ሁለት ሦስቴ ስታዞሪው ከሰጋቱራው ጋር ይደባለቅና እየቆየ ኮምፖስት ይሆናል። መዳፍ የምታህል ማራገቢያ አየሩን በቱቦ እየሳበች ወደ ውጭ ታወጣለች። ሁለቱ እስካልተቀላቀሉ ድረስ አይሸትም አሉኝ። አላመንኩም፤ ሳምንት ሙሉ ከተጠቀምኩበት በኋላ አፍንጫዬን አስገብቼ አረጋገጥኩ። እርጥብ እንጨት እንጂ ሌላ አይሸትም።

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት በር ስገጥም የኖርኩ አናጢ አይደለሁ? በልማዴ ውሃ ልኬን ይዤ ገባሁ። ወለሉ ላይ አስቀመጥኳትና አረፋዋ መሃል ላይ እስክትቆም መጠበቅ ጀመርኩ። ጀልባ ባጠገቤ ሲያልፍ አረፋዋ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ እኔ ስነሳ ወደ ቀኝ። ሽብልቅ ከዚህ አስገባለሁ፣ ከዚያ አወጣለሁ። ግማሽ ቀን እንዲህ ስታገል ቆየሁና ጎረቤታችን መካኒኩ፣ ያው ጋሽ ሞተር፣ አንገታቸውን በመስኮት አስገቡ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ወለሉን ልክ እያስገባሁ ነው።»

«ባሕር ላይ? በውሃ ልክ?» ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉ። «ከጀልባዋ ግድግዳ ለካ እንጂ ሰውዬ! እሷ ስታጋድል አብሮ ያጋድላል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ከዚያ ጥግ ላይ ያቆምኩትን በር አዩ። «ብቻህን እየኖርክ ይሄ ለምንህ ነው?»

«ለእሷ ነው።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ግን የራሳቸውን መሰርሰሪያ ይዘው መጡና ለቱቦው መውጫ ጣሪያውን አብረን በሳነው። ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈንነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ዘንቧል፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

በሩንና መቀመጫውን በአንቺ ልክ ነው የሠራሁት። ልኬን ከየት አገኘኸው እንዳትዪኝ። ትተሽው የሄድሽውን ቀሚስ ምስማር ላይ ሰቅዬ ከትከሻው ጀምሬ ለካሁ።  የዚያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራሁም።

ሁሉም አልቆ መጀመሪያ የገባሁ ዕለት በሩን ዘጋሁ፤ መቀርቀሪያውንም ወረወርኩ። ጀልባዋ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፤ ከማን ልደበቅ እንደሆነ እንጃ። እዚያ ተቀምጬ አንቺን አሰብኩሽ። ባልዲውን። መጸዳጃ ብዬ የሰጠሁሽን ያንን ባልዲ የጋረድኩበትን መጋረጃ። እኔ በሁለት እርምጃ ርቀት ቁጭ ብዬ ሳፏጭ። ለስንቱ ቤት በር የሠራ ሰው፣ ለገዛ ሚስቱ ጨርቅ ሰቀለ! አለቀስኩ፤ ብቸኛ ሰው ደግሞ ሲያለቅስ ድምፁን አይቀንስም።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ጀልባ ላይ ሆነን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሚስቴ ግመል ናት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች» እያልኩ አስቅብሽ ነበር። አንቺም ፈገግ ትያለሽ። ከዚያ ጎንሽን ይዘሽ ወደቅሽ። ሐኪሟ ኩላሊትሽን መርምራ «ውሃ ትጠጫለሽ?» ብትልሽ መሬት መሬት አየሽ። ከሆስፒታል ወጥተሽ እትዬ ቤት ከገባሽ ይኸው አራተኛ ወር ሆነሽ።

መጸዳጃ መሥራት መጀመሬን ስነግራቸው እትዬ አንቺ ያልሻቸውን ነገሩኝ። «ለምን አልነገርሽውም?» ቢሉሽ፣ «አፈርኩ። እሱ አላወቀም እኮ፤ ቢያውቅ ኖሮ በሁለት ቀን ይሠራው ነበር። በሩ ሲያልቅ ይጥራኝ፣ እመጣለሁ» አልሽ። እትዬም «አየህ ምን ዓይነት ሚስት እንዳለችህ?» አሉኝ። «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

አውቅ ነበር።

ባለፈው በጋ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ። ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ ነበርና አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ሰጠሁሽ። «እሺ፣ እጠጣለሁ» አልሽኝ። ገመድ ላጠብቅ ዞር አልኩና መልሼ ሳይሽ ግራ ቀኝ ተመለከትሽ፤ ድምፅ እንዳይሰማ ብርጭቆውን ወደ ባሕሩ ዝቅ አድርገሽ ቀስ እያልሽ ደፋሽው። ከዚያ የጠጣ ሰው መስለሽ አፍሽን በእጅሽ ጀርባ ጠረግሽ። ወዲያው ገባኝ። ባልዲው ላይ ላለመቀመጥ ስትዪ በውሃ ጥም እንደምትውዪ ገባኝ። ጓዳዬን ማራገፉ ታሰበኝና «ነገ እሠራዋለሁ» አልኩ። ነገም «ነገ» አልኩ። በዚያው ሳምንት እንግዶች ሲመጡ ያንን የግመል ቀልድ ደገምኩት፤ አንቺም ሳቅሽ።

አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል። አንቺ መቀስቀሱም አሳፍሮሽ ነው፤ እኔ ግን ዓይኔን ገልጬ ነው የተኛሁት።

«አልቋል፣ ነይ» ብዬ ብቻ ብጽፍልሽ ዛሬውኑ ትነሺ ነበር። ሁለት ጊዜ እንደዚያ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ትመጫለሽ፣ «ባሌ እኮ አላወቀም ነበር» እያልሽ ለሰው ታወሪልኛለሽ፣ እኔም አጠገብሽ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ከዚያስ ብቻዬን መኖር ይሻለኛል። ብቸኝነቱ ቀላል ሆኖልኝ እንዳይመስልሽ፤ ከብዶኛል፣ ምሳ ስበላ እንኳ ለሁለት እያቀረብኩ ነው።

ስለዚህ ነይ አልልሽም። አውቶቡሱ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ወደቡ በር ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ድረስ በየቀኑ እዚያ እቆማለሁ።

እያወቀ ዝም ያለው ባልሽ