አሥሩም ጣት ተወግቷል

ቤን ቼ፣ ዲሴምበር 14 ቀን 2022

ለልጄ ለዲየም፣

እንዴት ከረምሽ? ጀርመን በረዶ መጣሉን ወንድምሽ በስልኩ አሳይቶኛል። ወፍራም ካልሲ ግዢ፤ ተረኛ ስትሆኚ ባዶ ሆድሽን አትግቢ። እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት የዘነበው ዝናብ መጋዘኑን ትንሽ አረጠበው እንጂ ኮኮናቱን አልነካብኝም።

አባትሽ ትናንት ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል። በግራ እጁ ማንኪያ ይይዛል። የሩዝ ገንፎውን ወፈር አድርጌ ካልሠራሁለት ያንቀዋል። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ገና አልታዘዙለትም። ሰው ሲያናግረው ይገባዋል፤ መልስ ሲሰጥ ግን "ሂጂ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ትወጣዋለች። ውሃ ሲፈልግ "ሂጂ"፣ ደስ ሲለውም "ሂጂ"። የገበያ ሴቶች "እትዬ ሳው፣ ሠላሳ ዓመት ፈርቶ የዋጣትን ዛሬ ተነፈሳት" እያሉ ያሾፉብኛል። እኔም እስቃለሁ፤ እሱም ይስቃል፣ በግማሽ ፊቱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርቼ ዘጋሁት። "ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ወድቆ አገኘሁት" ብዬሽ ነበር። ውሸት ነው። ማስታወሻ ደብተሬ ፊቴ ተከፍቷል፤ የኖቬምበር 23 ገጽ እንዲህ ይላል፦ "አሥራ ሁለት ከሩብ፣ ባለቤቴን ንፋስ መታው። ሁለት ሰዓት፣ የሀይ ጀልባ መጣ። ኮኮናቱ ትንንሽ ነው።" ሌላ ምንም አልጻፍኩም።

ያን ጠዋት አባትሽ ጥርሱን እየቦረሸ ነበር። ቡሩሹ ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ጎንበስ ሲል በቀኝ ጎኑ ተንሸራቶ የውሃውን ጋን ተደገፈ። "ምን ሆንክ?" ስለው የማይገባ ነገር አጉተመተመ። አፉ ወደ አንድ በኩል ተንጠልጥሏል። አላየሁም ልልሽ አልችልም፣ አይቻለሁ።

ጩኸቴን ሰምተው እማማ ባይ ከጎረቤት መጡ። "ንፋስ ነው! ትናንት በዝናብ በስብሶ ገብቶ ወዲያው ገላውን ታጥቦ የለ? መርፌ አምጪ!" አሉኝ። መርፌውን በሻማ ለበለብኩላቸው። የአሥሩንም ጣት ጫፍ ወግተው ጥቁር ደም እስኪወጣ ጨመቁ። እኔ ደግሞ ጀርባውን በአረንጓዴው የመድኃኒት ዘይት አሽቼ በማንኪያ ጠርዝ ፋቅሁት። ቀዩ መስመር ብቅ ሲል እማማ ባይ አጨበጨቡ፦ "ይኸው! እንዴት እንደቀላ አየሽ? ንፋሱ እየወጣ ነው!" እኔም ደስ አለኝ። በማንኪያ የተፋቀ ጀርባ፣ የጤነኛም ቢሆን፣ እንደሚቀላ ያን ሰዓት አልታሰበኝም።

ቀጥሎ በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለለውን የባህል መድኃኒት ክኒን ከአያቶች መሠዊያ መሳቢያ አወጣሁ። ለእንዲህ ያለ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። በሞቀ ውሃ በጥብጬ አፉ ውስጥ አፈሰስኩት። ግማሹ በአንገቱ ወረደ፤ ግማሹ አንቆት ፊቱ እስኪጠቁር አሳለው። ኋላ ሳንባው የታመመው በዚያ ነው ብለውኛል ሐኪሞቹ። እማማ ባይ "እንግዲህ ላብ ያውጣው" አሉ። ብርድ ልብስ ደርበንለት አስተኛነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ኮኮናት አቅራቢው ሀይ ከቦዩ ዳር ጮኸ፦ "እትዬ ሳው! ነይ እንጂ፣ ኮኮናቱ ጀልባው ላይ ሥር ሊሰድ ነው!"

ወረድኩ።

"ጋሼ ዛሬ የት ሄዱ?"

"ንፋስ መትቶት ተኝቷል።"

"እሳቸውን የሚጥል ንፋስማ የኔንም ጀልባ ይገለብጣል" ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ትንንሾቹን መርጬ ይመለሱ አልኩ፣ እሱ አይመለሱም አለ፣ ተጨቃጨቅን። እንደ ልማዴ ረታሁት። ወደ ቤት ስመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። አልጋው ርሷል፣ ምራቁ ትራሱ ላይ ይወርዳል፣ ቀኝ እጁን ሳነሳው እንደ እርጥብ ፎጣ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው መኪና የጠራሁት። የደሴታችንን መሻገሪያ ጀልባ ጠብቀን ሆስፒታል ስንደርስ አምስት ሰዓት ከሃያ ሆነ።

ድንገተኛ ክፍል ተቀብሎን የሮጠው ዶክተር ቪን የሚባል ልጅ እግር ሐኪም ነው። የመጀመሪያ ጥያቄው "እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው ያዩአቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" የሚል ነበር። እኔ አፌን ሳልከፍት ነርሷን "ስትሮኩ ከጀመራቸው አራት ሰዓት ተኩል ካልሞላው መድኃኒቱ ይደርሳል፣ አዘጋጂ" አላት። ሰማሁ። እዚያው ቆሜ አሰላሁ።

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ" አልኩት።

ስደራደር ፊቴ ተለውጦ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልተለወጠም። እሱም አመነኝ።

ነርሷ የስኳሩን መጠን ለመለካት ቀኝ እጁን ያዘች። ተወችውና ግራውን ያዘች። "የቱን ልውጋ? አሥሩም ጣት ተወግቷል" አለች። ዶክተሩ ተመልሶ መጣ፤ አንዱን ጣት በብርሃን አየው፣ የደረቀውን ደም በጥፍሩ ነካው። ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እናቴ፣ የእኔም አያት በመርፌ ይወጋሉ፤ ልወቅስዎት አይደለም የምጠይቅዎት። ይሄ ደም ግን ቆይቷል። የምሰጣቸው መድኃኒት የረጋ ደም ያሟሟል። ሰዓቱ ካለፈ አንጎላቸው ውስጥ ሊያደማቸው ይችላል፤ በእኔ እጅ ይሞታሉ። እባክዎ፣ ከእኔ ጋር አይደራደሩ።"

"አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ" አልኩት።

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ነርሷ ያዘጋጀችውን መድኃኒት መልሳ አስቀመጠችው። የአንጎሉን ፎቶ አንስተው፣ በደም ሥር ገብቶ የረጋውን የሚያወጣው ሕክምናም ለእሱ እንደማይሆን ከትልቁ ከተማ ሐኪሞች ጋር ተነጋግረው ነገሩኝ። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነው ያለፈን። ከሀይ ጋር ስለ ትንንሾቹ ኮኮናቶች የተጨቃጨቅሁት ከዚያ ይበልጣል።

እማማ ባይን እንዳትቀየሚያቸው። ያወቁትን አደረጉ፤ አሁን ቀን በቀን መጥተው እግሩን ያሹለታል። ቤቱ የእኔ ነበር፣ ስልኩም በእኔ እጅ።

ወንድምሽ ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ ብዬ ለመጨረሻ ያስቀረሁት አንድ ነገር አለ። አምና ከምትሠሪበት ቦታ ሆነሽ በእኛው ቋንቋ ተናግረሽ የላክሽልን ቪዲዮ ነበር፦ ፈገግ ይበል፣ ሁለት እጁን ያንሳ፣ አንድ ነገር ይናገር፣ ካቃተው ቶሎ አምቡላንስ ጥሩ። ለአርባ ሰው አስተላለፍኩት። እኔ ግን ነጩን ልብስሽን እስኪያሳይ ድረስ ነው ያየሁት፤ ሌላው አላሳሰበኝም፣ ያስተላለፍኩት ልጄ ነርስ ናት ለማለት ነበር። ያን ጠዋት እማማ ባይ ጣቶቹን ሲወጉ አባትሽ ግራ እጁን ነጥቆ ወደ ስልኬ ጠቆመ። ደግሞ ጠቆመ። አንቺን ማናገር የፈለገ መሰለኝ። "እዚያ እኩለ ሌሊት ነው፣ ልጅቷ ትተኛ" አልኩትና ስልኩን ኪሴ ከተትኩት። ትናንት ወንድምሽ ቪዲዮውን ከፈተለት። "አምቡላንስ ጥሩ" የምትዪው ቦታ ሲደርስ አባትሽ በግራ እጁ ወደ ስልኩ ጠቁሞ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እሱ እስከ መጨረሻው አይቶት ኖሯል።

ሥራሽን ጥለሽ አትምጪ። ከመጣሽም ለእሱ ብለሽ ነይ። የምትዪኝ ካለሽ ለእኔው በዪኝ፣ በወንድምሽ አትላኪ።

እግርሽ በረዶ ላይ አይንሸራተት። ሰማይ ይጠብቅሽ። ወደ አንቺ የሚያመጧቸው በሽተኞች ሁሉ በጊዜ የደረሱ ይሁኑ።

እናትሽ ሳው