የሚፈላ ጠጅ ላሸጉት ለክቡር ቀኛዝማች ደጀኔ

ዲላ፣ ጥር 18 ቀን 1960 ዓ.ም.

ይድረስ ለክቡር ቀኛዝማች ደጀኔ፣ የከተማችን የበዓል ጸጥታ አስከባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተ ሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ጉሮሯችን ከመድረቁ በቀር ደኅና ነን። ጤናዎ እንዲበረታ፣ እንቅልፍዎ እንዲጣፍጥ፣ በተለይም እጅዎ ከማኅተሙ ላይ ጥቂት ዐረፍ እንዲል ዘወትር እንጸልያለን።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎቼ ብቻ አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ልንገራቸውና ክቡርነትዎ ለአፍታ ጆሮዎን ይያዙልኝ። እናንተዬ፣ ለጥምቀት ሦስት ቀን ሙሉ መጠጥ እንዳይሸጥ የሚለው ማስታወቂያ አደባባይ ላይ ሲነበብ፣ ካጨበጨቡት አንዷ እኔ ነበርሁ። በሦስተኛው ቀን ግን የሻይ ፔርሙዝ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ሞያሌ መንገድ ዳር ባለው በወይዘሮ አሰፋች ጠጅ ቤት በጓሮ በር ስገባ ተገኘሁ። ለታመመች አክስቴ ነው አልሁ። አክስት የለኝም።

ክቡርነትዎ አሁን ጆሮዎን መልቀቅ ይችላሉ።

አንደኛ፤ ሦስተኛው ቀን ቃና ዘገሊላ ነበር። ውኃው ወይን ጠጅ የሆነበትን ዕለት መጠጥ በመከልከል ስላከበሩልን ከልብ እናመሰግናለን። ካህናቱ ይህን ያህል ዘመን ሲያስተምሩ ወደዚህ ምሥጢር አልደረሱም ነበር።

ሁለተኛ፤ ሕዝቡ ለጠጅ የሚያወጣውን ገንዘብ ለልብስና ለደብተር ያውለዋል ብለው ነበር። አሳቡ ድንቅ ነው፤ ጉድለቱ ሕዝቡ አለመምጣቱ ብቻ ነው። የኮንጋና የኢዲዶ ሰዎች የቡና ገንዘባቸውን ታቅፈው እዚያው በየመንደራቸው እየጠጡ በዓሉን አሳለፉ። የጭነት መኪና ሾፌሮችም አቧራቸውን ትተውልን አለፉ። ሥጋ ሻጩ ፈለቀ ካረደው በሬ ግማሹን ለውሾች ሰጠ፤ በከተማው ውስጥ ስለ ክቡርነትዎ አስተዳደር ቅሬታ የሌላቸው እነሱ ብቻ ናቸው። ጠጅ በአፉ ዞሮ የማያውቀው ጨርቅ ነጋዴው ኸድሩ እንኳ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ዝንብ ሲያባርር አገኘሁትና፣ አንተስ ምን ጎደለብህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ሰው ጠጅ ብሎ መጥቶ እኮ ነው ሲመለስ ለሚስቱ ሻሽ የሚገዛው» አለኝ። በሦስት ቀን የሸጠው አንድ መሐረብ ነው። እሱንም የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ፊቴን ልጠርግበት።

ፊቴ ምን ሆኖ? ሦስተኛው ነጥቤ እሱ ነው።

ወይዘሮ አሰፋች ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሁለት ልጆቿን በዚያች ጠጅ ቤት የምታሳድግ፣ ብርሌ አጉድላ ቀድታ የማታውቅ ሴት መሆኗን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በዓሉ ሲቃረብ ከኢዲዶ የመጣ ማር ገዝታ ትልቁ ጋን ውስጥ ጠጅ ጥላ ነበር። በከተራ ዕለት ክቡርነትዎ ሁለት ፖሊስ አስከትለው ገቡና ጋኑ ይታሸግ አሉ። ሴትዮዋ እግርዎ ላይ ወድቃ፣ «ጌታዬ፣ ገና እየፈላ ነው። ቤቱን ይቆልፉት እንጂ አፉን አይድፈኑት» ብላ ለመነችዎ። ክቡርነትዎም ሳይንስ ሁሉ ቆሞ የሚያጨበጭብለትን መልስ ሰጡ።

«ትእዛዝ ከወጣ በኋላ አይፈላም።»

የጋኑ አፍ በቆርቆሮ ተከደነ፣ በጭቃ ተመረገ፣ በጨርቅ ታሰረ፣ በቀይ ሰም ታተመ። ጠጁ ግን ማስታወቂያ ማንበብ አይችልምና መፍላቱን ቀጠለ።

እኔ ፔርሙዜን ይዤ በገባሁ ጊዜ ወይዘሮ አሰፋች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አልቀዳም አለችኝ። ለመንኋት፤ እንቢ። ፈሪ ነሽ ብዬ ሰደብኋት፤ እንቢ። «እቴ፣ የመንግሥት ማኅተም አለበት፤ ሂጂልኝ» ብላ ወደ በሩ ስታመለክተኝ ጋኑ እንደ መድፍ ጮኸ። ከራስ ጠጉሬ እስከ ጫማዬ በጠጅ ታጠብሁ። የጥምቀት ጠበል ያመለጠኝ ሴት በዚያ ተካካስሁ። የእሷን ክንድ ግን ስባሪው ቀደደው። በመሬቱ ላይ የፈሰሰው ጠጅ የሁለቱ ልጆች የዓመት ቀለብ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ከልካይ ኮሚቴዎ ሴትዮዋን ማኅተም ሰብራለች ብሎ ስለ ከሰሳትና፣ የፊታችን ሰኞ ፈቃዷን ሊነጥቃት ቀጠሮ ስለ ያዘ ነው። እንግዲህ እኔ ምስክር ነኝ፤ ጋኑን አልነካችም። እዚያ ምን ትሠሪ ነበር ብለው ከጠየቁኝም መልሱን ከላይ ጽፌአለሁ፤ ቅጣቴን ይጻፉልኝና እሷን ይተዉልኝ።

የማር ሽታ ከጠጉሬ ገና ያልለቀቀኝ፣ በክቡርነትዎ ጥበብ ፊት አንገቴን ደፍቼ፣ ሳቄንም በመሐረብ አፍኜ የምቀር፤

ጥሩብርሃን ወልደዮሐንስ

ሳልረሳው፤ የጋኑ አንገት ከነክዳኑ ተነጥሎ ግድግዳው ሥር ወድቆ ተገኝቷል። ጭቃው አልተሰነጠቀም፣ ሰሙ አልላላም፣ የክቡርነትዎ ስም ያለ አንዳች ጭረት ይነበባል። በዚያ ቤት ሳይሰበር የቀረው ነገር ማኅተምዎ ብቻ ነው። ወይዘሮ አሰፋች ሰኞ ጠዋት በነጠላ ጠቅልላ ታመጣልዎታለች። እኔም ከኋላዋ ተቀምጬ፣ አይተውት የሚናገሩትን ቃል በቃል፣ ዝም ካሉም ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳሉ፣ በዚሁ ገጽ ላይ ለአገር ሁሉ እጽፈዋለሁ።