ከግብር ነፃ ስለሆነው የውሃ ማማችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ዌንደል ፍሪትዝ፣ የብራክስተን ከተማ ግምጃ ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ወገብዎ ተሽሎዎት ከሆነ እሰየው፤ አምና በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን የቁርስ ግብዣ ላይ ለከተማው ሕዝብ ፓንኬክ ሲገለብጡ ማርፈድዎ ቀላል ድካም አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ላይልም ምክርዎን ተቀብለን እነሆ አለን። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ምክሩንም በአደባባይ ስለሰጡኝ ነው።

አንደኛ፣ ፓንኬኩን ሳህኔ ላይ ሲያኖሩ ከተማው የውሃ ማማውን ለማሠራት የሸጠውን ቦንድ እንድገዛ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። «ሜርና፣ የኩባንያ ቦንድ ከመቶ አምስት ወለድ ይከፍላል ሲሉሽ እንዳትሸወጂ! ግብሩ ይበላዋል። የኛዋ ሦስት ከሩብ ናት፤ ግን ግብር አይነካትም» አሉኝ። ሰልፉ ከኋላዬ እስከ በሩ ደርሷል፤ በከተማችን ደግሞ ቁርሱን በእጁ ለሚያቀርብልህ ጎረቤት እምቢ አይባልም። እሺ አልኩ።

ሁለተኛ፣ ስሌትዎ ትክክል ስለሆነ አመሰግናለሁ፤ ኮረብታው ላይ ላሉት ባለ ትልልቅ ቤቶች ማለቴ ነው። ከመቶ አርባ የሚጠጋ ግብር ለሚከፍል ሰው የኩባንያው አምስት ተቆርጦ ሦስት ይቀረዋል፤ ለእሱ የከተማችን ሦስት ከሩብ ትሻለዋለች። ጡረተኛዋ እኔ ግን የምከፍለው ከመቶ አሥራ ሁለት ብቻ ነውና አምስቱ ተቆርጦም ከአራት በላይ ይተርፈኝ ነበር። በሰው ኪስ አስልተው ከእኔ ኪስ ወሰዱ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይብሳል። «የጡረታ ሂሳብሽን አታፍርሺ፤ ያለሽን የኩባንያ ቦንድ እዚያው ውስጥ ሸጠሽ የኛን እዚያው ግዢ» አሉኝ፤ እንዳሉኝ አደረግሁ። ጡረታ ሂሳብ ውስጥ የተቀመጠ ወለድ ግን እስኪወጣ ድረስ ድሮም ግብር አይነካውም፤ ሲወጣ ደግሞ ከየትም ይምጣ ይቀረጣል። ቤት ውስጥ ሳለሁ ጃንጥላ ሸጡልኝ፤ ወደ ዝናቡ ስወጣ ጃንጥላውን ተቀበሉኝ። ቦንዱን እንሽጠው ብንል ዋጋው ወርዷል ተባልን።

ቢሮዎ መጥቼ ይህን ሳስረዳዎ «ለከተማሽ ነው እኮ! ደሞስ ማማው አያምርም?» አሉኝ። ያምራል። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ አቶ ፍሪትዝ፤ እንቅልፍ እስካጣ ድረስ ተናድጃለሁ። የላይል እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ቤት ውስጥ ብቻውን ልተወው አልችልም። የቤተ ክርስቲያናችን የአረጋውያን መዋያ በሳምንት ሦስት ቀን ይቀበለው ነበር፤ ክፍያው የሚሸፈነው ከጡረታ ሂሳቤ ወለድ ነበር። አሁን የምንችለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ከተቋረጡበት ሁለት ቀኖች አንዱ ማክሰኞ ነው፤ ማክሰኞ ደግሞ አብረው የሚዘምሩበት ነበር። ላይል ቃላት ይጠፉበታል፤ መዝሙር ግን አንድም አልጠፋውም።

ከግብር ነፃ በሆነ፣ ስለዚህም በመጠኑ ባነሰ አክብሮት፣

ሜርና ኦስጉድ
የማማዎ አበዳሪ

ማስታወሻ፦ በዘንድሮው ግብዣ ላይ ባለቤትዎ ወይዘሮ ኮርዴሊያ ሽሮፑን እያቀበሉኝ «ኧረ የኔ እህት፣ ዌንደል የጡረታውን ሁሉ የኩባንያ ቦንድ ነው የገዛበት! ከግብር ነፃውን እዚያ ውስጥ የሚከት ምን ዓይነት ጅል ነው?» አሉኝ። ሁለት አውቃለሁ አልኳቸው፤ አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላው ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ኮቱን ለብሶ በር ላይ የሚጠብቀኝ ላይል ነው።